የተተከለውና የጸደቀው፦ ሳተላይት ለችግኝ ተካዩ ምን ሊነግረው ይችላል?

ክረምት በገባ ቁጥር በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታና በገላን ዙሪያ አርሶ አደሩም የከተማ ነዋሪውም ችግኝና ዶማ ይዞ ይወጣል። ጉልበቱን የሚሰጠው ያለ ክፍያ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ካስታወቀ ወዲህ፣ የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በይበልጥ የሚወሳው በተተከለው ብዛት ነው። ለተካዩ ግን ዋናው ጥያቄ የጸደቀው ስንት ነው የሚለው ነው።

ከሰማይ የሚገኘው መረጃ ለዚህ ጥያቄ በከፊል መልስ ይሰጣል። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን የመሬት ምልከታ ሳተላይት ከቻይና አምጥቃለች። ሴንቲኔል 2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶችም አንድን ቦታ በየአምስት ቀኑ ያነሣሉ፤ ምስሉም ለማንኛውም ሰው በነጻ ይቀርባል።

ሆኖም በሴንቲኔል ምስል ላይ ትንሿ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ መሬት ትሸፍናለች። በዚያ ውስጥ የአንድ ዓመት ችግኝ ተለይቶ አይታይም። በክረምት ደመና ይጋርዳል፤ በመስከረም ደግሞ ሰብሉም ሣሩም አረንጓዴ ነው። ስለዚህ አስተማማኙ ንጽጽር የአንድን ቦታ የበጋ ምስል ከዓመት ዓመት ማስተያየት ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብዙ ምስሎችን በአጭር ጊዜ ያነጻጽራል። ይሁን እንጂ የወጨጫ ጽድም የሱሉልታ ባሕር ዛፍም ከላይ ሲታዩ አረንጓዴ ናቸው። ፕሮግራሙ ሁለቱን በትክክል እንዲለይ መሬት ላይ በሰው ዓይን ከተረጋገጡ ናሙናዎች መማር አለበት። ያንን ዕውቀት የያዘው የአካባቢው ገበሬ ነው።

ልኬት ጥቅም እንደሚያስገኝ የወላይታው ሁምቦ ምስክር ነው። ከ2,700 ሄክታር በላይ የሆነው የተራቆተ መሬት በአብዛኛው ያገገመው በአዲስ ችግኝ ሳይሆን ነባር ጉቶዎች እንዲያቆጠቁጡ በመጠበቅ ነው። የነዋሪዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ከካርቦን ሽያጭ ገቢ አግኝተዋል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። የትኛው ቦታ መተከል፣ የትኛው መከለል ብቻ እንደሚያስፈልገው የሚያሳየው መረጃ ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት ቀበሌ መድረስ አለበት። በየበጋው የሚገኘው ውጤትም ለተካዩ ሊነገረው ይገባል። ያለ ክፍያ የሚሠራ ሰው ድካሙ ፍሬ ማፍራቱን ካላወቀ፣ በቀጣዩ ክረምት ዶማውን ላያነሣ ይችላል።