በሽታውን ያስደበቀው ማን ነው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። ያስደበቀውስ ማን ነው? በደባርቅ ብርድ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ወደ መጸዳጃ ቤት በሚወጣው ጓደኛው ላይ ስም አውጥቶ የሚስቅ ተማሪ አይደለምን?

ሥር የሰደደ የአንጀት ቁስለት አብዛኛውን ጊዜ በወጣትነት ይጀምራል። ለወራት በርዶ ይከርምና እንደገና ይነሣል። አሜሪካዊው ሐኪም ክሮን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1932 የገለጸው ሕመምም ሆነ የትልቁ አንጀት ቁስለት ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በአገራችን ችግሩን የሚያከብደው የአንጀት ነቀርሳ ከክሮን ሕመም ጋር መመሳሰሉ ነው። ነቀርሳው በስድስት ወር መድኃኒት ሊድን ይችላል፤ ክሮን ነው ተብሎ ቢታከም ግን ይብሳል። ስለዚህ በግምት መድኃኒት መዋጥ አይበጅም፤ በሚገባ መመርመር ያስፈልጋል። ከደባርቅ እስከ ጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶቡሱ መንገድ ላይ ባይቆምልኝስ ብሎ የሚሰጋ ሕመምተኛ ዳባት ሳይደርስ ጉዞውን ይተወዋል።

የተከበራችሁ መምህራን፣ ለእንዲህ ያለው ተማሪ በበሩ አጠገብ ወንበር ስጡት፤ ሲወጣም ምክንያቱን በሰው ፊት አትጠይቁት። ሕመሙ ተነሥቶበት ፈተና ቢያመልጠው ሌላ ቀን ፈትኑት። አስተዳደሩም ውኃ፣ መብራትና መቀርቀሪያ ያለው መጸዳጃ ቤት ያዘጋጅ። ምግብ ቤቱ በርበሬ የማይበዛበት ወጥ ለይቶ ያስቀምጥ። አንተም ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ ሕመሙ ተሻለኝ ብላችሁ የሐኪም መድኃኒት አታቋርጡ።

የጠየቅነው ምጽዋት አይደለም። ጓደኛችን ከእኛ ጋር እንደ ገባ ከእኛ ጋር እንዲመረቅ ነው።