ልጆቼን ምጽዋ የወሰድሁ ጊዜ

ቤታችን ባሕር ዳር ነው። በከተማው ስም ምክንያት ልጆቼ በእውነተኛ ባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ይመስላቸው ነበር። በጥር ወር 2011 ዓ.ም. ምጽዋ ልወስዳቸው እንደ ሆነ ስነግራቸው፣ ያን ጊዜ ሰባት ዓመት የሆናት ልጄ፣ «እኛ እኮ ባሕር ዳር ነን፤ ሌላ ባሕር ምን ያደርግልናል?» አለችኝ። ከባሕር በር በቀር ሌላ ወሬ በማይሰማበት በዛሬው ዘመን ጥያቄዋ ደጋግሞ ትዝ ይለኛል።

አንባቢ ወቅቱን ያስታውሳል። ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ መሪዎች አሥመራ ላይ የሰላምና የወዳጅነት መግለጫ ፈረሙ። ሐምሌ 11 ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሃያ ዓመት በኋላ ወደ አሥመራ በረረ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ድንበሩ በዛላምበሳና በቡሬ ተከፈተ። ቴሌቪዥኑ «ቡሬ» ሲል ልጄ ጆሮዋን አቆመች። ወደ አያቷ አገር ወደ ፈረስ ቤት ስንጓዝ በእንጅባራ አልፈን፣ ቡሬ ላይ ምሳ በልተን፣ በፍኖተ ሰላምና በደምበጫ በኩል ነውና የምንሄደው፣ ድንበር የተባለው የምታውቀው ከተማ መሰላት። አንዱ ቡሬ የእኛ የጎጃሙ፣ ሌላው በአሰብ መንገድ ላይ ያለው መሆኑን አስረዳኋት። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት በዚያኛው ቡሬ ስንት የሰው ልጅ እንደ ወደቀ ግን አልነገርኋትም።

የጉዞዬ ምክንያት መዝናናት ብቻ አልነበረም። የእናቴ ታናሽ ወንድም በብሔራዊ ውትድርና ከፈረስ ቤት ተወስዶ ምጽዋ ላይ ቀርቷል። ሻዕቢያ «ፈንቅል» ባለው ዘመቻ ከተማዪቱን የያዘው ከየካቲት 1 ቀን 1982 ዓ.ም. ጀምሮ በሦስት ቀን ውጊያ ነበር። እኔ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። መርዶው እኛ ዘንድ የደረሰው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ በሕይወት ከተመለሰ አንድ ባልንጀራው አፍ ነው። ተዝካሩ ያለ አስከሬን፣ ያለ መቃብር ወጣ። ስሄድ እናቴ የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ልጄ፣ ከወደቀበት አፈር ቆንጥረህ አምጣልኝ።»

ከአሥመራ እስከ ምጽዋ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነሥቶ በነፋሲት፣ በጊንዳዕና በዶጋሊ በኩል እየተጠማዘዘ እስከ ባሕሩ ጠርዝ ይወርዳል። የፈረስ ቤትን ብርድ የሚያውቁት ልጆቼ አሥመራ ላይ የለበሱትን ሹራብ ጊንዳዕ ላይ አወለቁ፤ ዶጋሊ ስንደርስ ካናቴራውም ከበዳቸው። የአምስት ዓመቱ ወንድ ልጄ ሁለት ጊዜ አስመለሰው። ያ በር ዳግም ከተከፈተ ሕፃናት ይዛችሁ ለምትሄዱ ወላጆች የምመክረው፣ በጥር ወይም በየካቲት እንድትሄዱ፣ ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓትም ከጥላ እንዳትወጡ ነው። ከሚያዝያ በኋላ የምጽዋ ፀሐይ ለአዋቂም አይመች።

ወንዱ ልጄ ባሕሩ ዘንድ እንደ ደረሰ ያደረገው የመጀመሪያ ነገር ጣቱን ነክሮ መላስ ነበር። «ጨው ጨምረውበታል!» ብሎ ጮኸ። እኅቱ ደግሞ ወዲያ ማዶ ለማየት ዐይኗን ጨፍና ገልጣ ሞከረች። የጣና ማዶ እንደማይታያት ታውቃለች፤ የዚህኛው ግን ሌላ ዐይነት አለመታየት ሆነባት። በመጨረሻ፣ «አባዬ፣ ይህ የማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ሳላስብ፣ «ድሮ የእኛ ነበር» አልኋት።

አሮጌዋ ምጽዋ ደሴት ናት። ከየብሱ ወደ ጥዋለት ደሴት፣ ከጥዋለትም ወደ እርሷ የሚያሻግሩ በባሕር ውስጥ የተሠሩ መንገዶች አሉ። ቤቶቿ ከባሕር በወጣ የዛጎል ድንጋይ የተገነቡ፣ የእንጨት ሰገነት ያላቸው፣ የቱርክንና የግብፅን ዘመን የሚያስታውሱ ናቸው። ብዙዎቹ ግን ዛሬም ግማሽ አካላቸው የለም። ጥዋለት ላይ ያለው ቤተ መንግሥትም በጦርነቱ እንደ ቆሰለ ቆሟል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ለ1982ቱ ድል መታሰቢያ የተተከሉ ሦስት ታንኮች አሉ። ወንዱ ልጄ ካልወጣሁባቸው ብሎ አለቀሰ። ለእነርሱ የድል ሐውልት የሆነው ለእናቴ ቤት የልቅሶ ምልክት መሆኑን ለአምስት ዓመት ሕፃን እንዴት ይነግሩታል? እጁን ይዤ አለፍሁ።

ከሰዓት በኋላ አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ ቅስት ሥር ሻይ ልንጠጣ ተቀመጥን። በአጠገባችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ አማርኛችንን ሰምተው ወንበራቸውን አስጠጉ። በንጉሡም በደርግም ዘመን ወደብ ውስጥ ሠርተዋል፤ አማርኛቸው ከእኔ የጠራ ነው። ልጆቹን በስም ጠየቋቸው፤ ባሕር ሲገቡ ጫማ እንዳያወልቁ፣ ድንጋዩ እግር እንደሚቆርጥ አስጠነቀቋቸው። ለምን እንደ መጣሁ ነገርኋቸው። «ነፍስ ይማር» አሉና ጥቂት ዝም ብለው፣ ጣሪያው የፈረሰ አንድ ቤት በጣታቸው አሳዩን። «ከተማው ከተያዘ በኋላ አውሮፕላን ይመጣ ነበር። እኅቴ ከነልጇ እዚያ ቀረች» አሉ።

የደርግ አየር ኃይል ምጽዋን ከእጁ ከወጣች በኋላ ደጋግሞ መደብደቡን ከመጻሕፍት አውቅ ነበር። ከሰው አፍ ስሰማው ግን ሌላ ሆነብኝ። ልጄ ፊቴን ቀና ብላ አየችና፣ «አባዬ፣ አውሮፕላኑ የማን ነበር?» አለች።

«የእኛ» አልኋት። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ባሕር በር የምሰማውን ንግግር ሁሉ የምመዝነው በዚህች ቃል ነው። ባሕሩን «የእኛ ነበር» የሚል ሰው አውሮፕላኑንም «የእኛ ነበር» ለማለት መድፈር አለበት። አንዱን ቆርጦ ሌላውን የሚያስቀር ታሪክ ለልጅ የሚነገር ታሪክ አይደለም።

የባሕር በር ጥያቄያችን ሐሰት ነው አልልም። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይዞ ያለ ወደብ መኖር ከባድ ነው፤ የኢትዮጵያን ያህል ሕዝብ ያለው ወደብ አልባ አገር በዓለም ላይ የለም። ዝምድናውም የቆየ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጎጃሙ የባሶ ገበያ የተነሣ ቡናና የዝሆን ጥርስ በጎንደር በኩል ምጽዋ ይወርድ ነበር። ጄምስ ብሩስም ከፈረስ ቤት ብዙ የማይርቀውን ግሽ ዓባይን እ.ኤ.አ. በ1770 ያየው አንድ ዓመት ቀድሞ በምጽዋ በኩል ገብቶ ነው። ሕጉም ቢሆን ጨርሶ አልተወንም። እ.ኤ.አ. በ1982 የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት በ125ኛው አንቀጹ ወደብ አልባ አገሮች ወደ ባሕር የመድረስና የመተላለፍ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አፈጻጸሙን የሚወስነው ግን ከጎረቤት ጋር የሚደረግ ስምምነት ነው።

ችግሩ ምጽዋን ማንም ነዋሪዎቿን ጠይቆ አለማወቁ ነው። ቱርኮች እ.ኤ.አ. በ1557 ያዟት፤ ግብፆች ወረሷት። በ1876 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር ባደረጉት የሂዌት ውል ዕቃችን በነፃ እንዲያልፍባት ተፈቀደ፤ ዓመት ሳይሞላ ግን ጣሊያን በእንግሊዝ ይሁንታ ገባባት። በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ የራሷን ምክር ቤት ይዛ በፌዴሬሽን ከእኛ ጋር ተዋሐደች። ያ ውል ጉድለት ነበረበት፤ ሆኖም ቢያንስ ውል ነበር። በ1955 ዓ.ም. እኛው አፈረስነው። የትጥቅ ትግሉ ከዚያ ቀደም ብሎ ቢጀመርም፣ የውሉ መፍረስ ነበልባል አደረገው። ባሕሩን ያጣነው በ1985ቱ ሕዝበ ውሳኔ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በእኔ እምነት ግን ያጣነው የገባነውን ቃል ባፈረስን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ዕዳውን መክፈል ነበር።

አሁንም ያንኑ ስሕተት እየደገምን እንዳይሆን እሰጋለሁ። ጥቅምት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀይ ባሕር የህልውናችን ጉዳይ ነው የሚል ንግግር ካሰሙ ወዲህ ካርታው በየቴሌቪዥኑ ተሰቅሏል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከሶማሊላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ ሞቃዲሾ ተቆጣች፤ ከዓመት ግድም በኋላ አንካራ ላይ ዕርቅ ወረደ። በዚህ ሁሉ መካከል ካርታውን አየን፤ ካርታው ላይ የሚኖረውን ሰው ግን አላየንም። የአሥመራው መንግሥት ንጹሕ አይደለም፤ ወጣቶቹን ማለቂያ በሌለው ውትድርና አስሯል፤ ሠራዊቱም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በትግራይ የፈጸመው ግፍ አይረሳም። ይሁን እንጂ ከመንግሥት ጋር ጠብ ያለው ሰው የሽማግሌውን ቤት ጣሪያ ዳግም ማፍረስ አይፈቀድለትም።

ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. የአሥመራው በረራ ተቋረጠ። ከዚያም በፊት፣ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ልጆቼን ወደ ፈረስ ቤት መውሰድ ራሱ ስጋት ሆኗል። ወደ አያታቸው ቤት የሚወስደውን መንገድ ሰላም ማድረግ ያቃተን ሰዎች ወደ ቀይ ባሕር የሚወስደውን በኃይል እንክፈት ማለታችን ያስገርመኛል። የሚዘምተውም የተናጋሪው ልጅ አይሆንም፤ እንደ አጎቴ ያለ የገበሬ ልጅ ነው።

አፈሩን አምጥቼላታለሁ። አጎቴ በየትኛው ስፍራ እንደ ወደቀ የሚያውቅ ስላልነበረ ከባሕሩ ዳር አሸዋ በባዶ ሃይላንድ ሞልቼ ወሰድሁላት። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ላይ አፍስሳ ብዙ ጊዜ እያየችው ቆየች። ስለ ባሕሩ ስፋት አልጠየቀችኝም፤ ስለ ታንኮቹም አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፦

«ሰዎቹ እንዴት ናቸው?»

ሻይ ያጠጡንን ሽማግሌ ታሪክ ከነእኅታቸው ነገርኋት። በማግስቱ አሸዋውን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ካህኑ ጸሎት ሲያደርሱ ከወንድሟ ስም ቀጥላ፣ «ለዚያች ሴትና ለልጇም» ስትል ሰማኋት።

የባሕርን ነገር የሚነግሩን ሁሉ አስቀድመው እናቴ የጠየቀችውን ይጠይቁ።

ቸር ይግጠመን።