ወባን ያሳየን ቀለም

ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ በር ላይ ወረፋ ስጠብቅ ዓይኔ የሚያርፈው በባለሙያዋ ጓንት ላይ ነው። ሰማያዊና ሐምራዊ ነጠብጣብ አያጣውም። ጊምሳ ነው። ከጣታችን የተወሰደችው የደም ጠብታ በዚህ ቀለም ካልተነከረች ባለሙያዋ የወባን ተሕዋስ በማይክሮስኮፕ ለይታ ለማየት ትቸገራለች። ከተነከረች ግን የተሕዋሱ ገላ ሰማያዊ፣ አስኳሉ ቀይ ሆኖ ብቅ ይላል።

የቀለሙ ታሪክም የሚጀምረው ከወባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 ዊሊያም ፐርኪን የተባለ የ18 ዓመት ወጣት ለወባ የሚሆን ኩዊኒን ለንደን ቤቱ ውስጥ ሊሠራ ሲሞክር ሐምራዊ ማቅለሚያ አገኘ። የቀለም ፋብሪካዎች ተከታተሉ። በ1876 ሄንሪክ ካሮ ሜቲሊን ብሉን ሠራ፤ ዛሬ ጊምሳ ውስጥ ያለው ሰማያዊ ከዚሁ ዘር ነው። በ1891 ፓውል ኤርሊክና ፓውል ጉትማን በርሊን ውስጥ ይህንኑ ቀለም ለሁለት የወባ ሕሙማን ሰጡ፤ ዳኑ። መድኃኒት ሲፈለግ ቀለም ተገኘ፤ ቀለሙ ተመልሶ መድኃኒት ሆነ።

ቀለም ማለት ብርሃን የሚይዝ ሞለኪውል ነው። ሜቲሊን ብሉ ቀዩን ብርሃን ይውጣል፣ የተረፈው ሰማያዊ ሆኖ ይታየናል። የተዋጠው ጉልበት የት ይሄዳል? እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። ለኦክስጅን ከተላለፈ ኦክስጅኑ አጠገቡ ያለውን ሴል ይገድላል፤ ሐኪሞች አንዳንድ ካንሰሮችን በዚህ መንገድ ያክማሉ፣ ብርሃኑን በእጢው ላይ ብቻ እያበሩ። በኤሌክትሮን መልክ ከወጣ ደግሞ ኤሌክትሪክ ይሆናል። ብራያን ኦሬጋንና ማይክል ግሬትዘል በ1991 ይፋ ያደረጉት የፀሐይ ሴል የተሠራው በቀለም ከተነከረ የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ዱቄት ነው፤ የግድግዳ ቀለምን የሚያነጣው ዱቄት ማለት ነው።

ትምህርትን ራሱን ቀለም ብለን የምንጠራ ሰዎች ነን። ልጆቻችን ግን ኬሚስትሪን ከሰሌዳ ላይ ገልብጠው፣ አንድም ነገር በእጃቸው ሳይነኩ ይጨርሱታል። ይህ ያሳዝነኛል፤ መቀጠልም የለበትም። የግሬትዘልን ሴል ተማሪ ሊሠራው ይችላል፦ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ መስታወት፣ ያ ነጭ ዱቄት፣ አዮዲን ያለበት ፈሳሽ፣ ለቀለሙም የከርከዴ ውኃ። ኃይሉ ትንሽ ነው፤ የቮልት መለኪያውን ለማንቀሳቀስ ግን ይበቃል። የኬሚስትሪ መምህራን ሆይ፣ በዚህ ዓመት አንድ ክፍለ ጊዜ ስጡት። ርእሳነ መምህራን ደግሞ መስታወቱን ግዙላቸው።