ስለ ኮምፒውተር ሥርዓት መለወጥ

ሰው የለመደውን ዕቃ ለመለወጥ ሲያስብ አስቀድሞ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ይኸውም ለውጡ ከችግር የመጣ ነው ወይስ ከምኞት? አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ከምኞት ለሚለውጠው ነው። ዛሬ የምንጽፈው ግን ችግር ከደጃቸው ለደረሰባቸው ቤተ ሰቦች ነው።

በደብረ ማርቆስና በአካባቢው በቤታቸው ማመልከቻና ውል እየጻፉ፥ የመሥሪያ ቤታቸውንም ሥራ ማታ እየጨረሱ የሚኖሩ አሉ። ኮምፒውተራቸው በ2007 ዓ.ም. በወጣው በዊንዶውስ 10 የሚሠራ ከሆነ ይህን ይወቁ። ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለዚህ ሥርዓት ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ጥበቃ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። መሣሪያው እንደ ወትሮው ይጽፋል፥ ያትማልም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ቢገኝ በመደበኛው መንገድ የሚደፍንለት የለም። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የጥበቃ ክፍል ስለሚፈልግ፥ ብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮች አይቀበሉትም። ስለዚህ አባወራውና እመቤቲቱ የአዲስ መሣሪያን ዋጋ ከልጆቻቸው የትምህርት ወጪ ጋራ ማመዛዘን ግድ ይሆንባቸዋል።

ሌላም መንገድ አለ። ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የፊንላንድ ተማሪ በነሐሴ 1983 ዓ.ም. ያስታወቀው፥ ሊኑክስ የተባለው ሥርዓት ለሁሉ በነጻ የተሰጠ ነው። በእርሱም ላይ ተመሥርቶ ኡቡንቱ በጥቅምት 1997 ዓ.ም. ወጣ። ለጽሕፈትም ሊብሬኦፊስ የሚባል ፕሮግራም ያለ ዋጋ ይገኝለታል።

በአገራችን የቅኔ ተማሪ ከዋሸራ ወደ ጎንጅ ሲሻገር ግዕዙን ጥሎ አይሄድም፤ የሚለወጠው የቤቱ መንገድ ነው። እንዲሁም ሥርዓት የሚለውጥ ሰው ጽሑፉን ይዞ ሊሻገር ይገባዋል። ጭንቁም እዚህ ላይ ነው። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ግዕዝን የተቀበለው በአውሮጳ አቈጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፥ ብዙ ጊዜም ከዚያ በኋላ፥ የእኛ ፊደል በላቲን ፊደል ቍጥር ላይ እየተጫነ ይጻፍ ነበር። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ይታያል። የአንዲት ባልቴት የርስት ፍርድ ግልባጭ እንዲህ ቢሆን፥ ጕዳቱ የመሣሪያ ብቻ አይደለም፤ ግልባጩን ያመነችው ሴት ከዳኛ ፊት ባዶ እጅዋን ትቆማለች።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። አንደኛ፥ ጽሑፉን ሁሉ በሁለት ልዩ ልዩ ማኖሪያ ገልብጡ፤ አንዱንም ከሌላ ቤት አኑሩ። በአሮጌው ፎንት የተጻፈውን ዊንዶውሱ ሳይነሣ ወደ ዩኒኮድ መልሱት፤ ስምንና ቍጥርንም ከወረቀቱ ጋራ አስተያዩ። ዋና ዋናውን በፒዲኤፍ ደግሞ አስቀሩ፤ ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ሊቀመጥ ይችላልና።

ሁለተኛ፥ ኡቡንቱ በኮምፒውተሩ ላይ ሳይጫን ከፍላሽ ተነሥቶ ሊሞከር ይችላል። በዚህ ጊዜ ማተሚያችሁ መታዘዙን፥ የአማርኛ አጻጻፉም ለእጃችሁ መስማማቱን መርምሩ። ኪማን የተባለው የመጻፊያ ፕሮግራም በሁለቱም ሥርዓት ስለሚሠራ፥ ገና በዊንዶውስ ሳላችሁ ብትለምዱት ድካሙ ይቀላል።

ሦስተኛ፥ የመሥሪያ ቤታችሁ ሥራ በዊንዶውስ ብቻ በሚሠራ ፕሮግራም የሚከናወን ከሆነ፥ ከአለቃችሁ ጋራ ሳትመክሩ አትለውጡ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ የፈሰሰ ጽሑፍ ግን እንደ እህል አይለቀምም። በቤት ውስጥ ልጅ ይህን ዕውቀት ቀድሞ የተማረ እንደ ሆነ፥ አባት ከልጁ ቢማር ነውር አይደለም፤ የቤቱን ሰነድ ጠብቆ ማስረከብ ግን የአባትና የእናት ፈንታ ነው።