መሣሪያው መጥቷል፤ መመሪያውን ማን ይጻፈው?

በኅብረታችን መጽሔት ስለ ሥራ ማጣት ብዙ ተጽፏል። እኛ ዛሬ ልንጽፍ የተነሣነው ግን ሠሪ አጥቶ ስለ ተቀመጠ አንድ ሥራ ነው። ስሙን ስንጠራ አንዳንድ ጓደኞቻችን እንደሚስቁ እናውቃለን፤ የሶፍትዌር መመሪያ መጻፍና ማረም ነው። ስቀው ሲጨርሱ ግን እስከ ፎገራ ሜዳ ድረስ አብረውን ይዝለቁ።

ባለፈው ክረምት ወደ ወላጆቻችን ስንሄድ ርብና ጉማራ ሜዳውን አልብሰውት፣ ሩዙም ከውሃው በላይ አረንጓዴ ሆኖ ቆየን። ከወረታ ጥቂት ራቅ ብሎ በሚገኝ፣ ስሙን በማንጠራው አንድ የገበሬዎች ማኅበር ቢሮ ውስጥ አንድ ኮምፒዩተር አየን። የአባላት ስም፣ የዘርና የማዳበሪያ ብድር የሚመዘገብበት ፕሮግራም ተጭኖበታል። መመሪያው በእንግሊዝኛ የታተመ ወፍራም ጥራዝ ሲሆን፣ ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ እንደ ታሸገ ተቀምጧል። ጸሐፊው የሚሠሩት ግን በእስክሪብቶ ከተጻፈች፣ ጠርዟ ከተበላ ደብተር እያዩ ነበር። ከገጿ አንዱን እንዲህ ሲል አነበብነው፦ «ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ ጻፍ። ሰርዝ የምትል ሁለት ናት። የላይኛዋን አትንካ፣ ታጠፋለች። የታችኛዋ ወደ ኋላ ትመልሳለች።»

«ጋሸ፣ ይችን ደብተር ማን ጻፋት?» ብለን ጠየቅን።

«እኔው ነኝ እንጅ፤ ማን ይጽፍልኛል?» አሉና ታሪኩን አጫወቱን። ፕሮግራሙ በመጣ በመጀመሪያው ዓመት የአንድ ጎጥ ሰዎችን ስም ቀኑን ሙሉ ሲያስገቡ ውለው፣ ከገጹ ለመውጣት «ሰርዝ» የምትለውን ቢነኩ የደከሙበት ሁሉ ድራሹ ጠፋ። ማዳበሪያው ሲታደል የዚያ ጎጥ ገበሬዎች ስማቸው የለም ተብለው ተመለሱ። እርሳቸውም በጭቃው ከቤት ቤት እየዞሩ ስሙን እንደ ገና ለቀሙ። የዚያን ሰሞን የተማሩትን ነው በደብተሯ ያሰፈሩት። ዛሬ የጎረቤት ቀበሌ ጸሐፊዎች ወረታ ድረስ ወስደው ፎቶ ኮፒ እያደረጉ ይሠሩባታል።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ የምንናገርለት ሙያ ይኸው ነው። በሌላው ዓለም ሰው ተቀጥሮ ደመወዝ የሚበላበትን ሥራ ጋሸ በራሳቸው እስክሪብቶ በነጻ ሠሩት። እ.ኤ.አ. በ1949 በአሜሪካ ጆሴፍ ቻፕሊን የተባለ ሰው ቢናክ ለሚባለው ኮምፒዩተር የተጠቃሚ መመሪያ ጽፎ ነበር፤ የኮምፒዩተር መመሪያ ታሪክ ከእርሱ ይጀመራል ይባላል። (ሰውየው ኦርጋን ተጫዋችም ነበረ፤ የሥነ ጽሑፍና የሙዚቃ ተማሪዎች ልብ ይበሉ።) ጸሐፊው ከተጠቃሚው አጠገብ ተቀምጦ የት ላይ እንደሚሳሳት ያያል፤ አንዱን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ስም ብቻ ይጠራል። አራሚው ደግሞ የተጻፈውን እያንዳንዱን ተራ በእጁ ይሞክራል፤ ፕሮግራሙ በተለወጠ ቁጥርም መመሪያውን ይለውጣል።

በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የእኛ «መሰረዝ» በወረቀት ዘመን አንድ ነገር ነበረ፤ በመስኮቱ ላይ ግን የጀመሩትን መተውም የተመዘገበውን ማጥፋትም ሁለቱም «ሰርዝ» ተብለው ይተረጐማሉ። «ተጫን» ብንል ሴቲቱን ረሳን፤ «ተጫኚ» ብንል ወንዱን። ስለዚህ «ይጫኑ» ማለት አክብሮት ብቻ ሳይሆን መፍትሔም ነው። ጳጉሜን 3 ቀን የተሰጠ ብድር፣ አሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም ፊት ሲቀርብ ምን ይደረግ? ከቀኑ 8 ሰዓት ማለት ለመሣሪያው 14 ሰዓት እንደ ሆነ ለጸሐፊው ማን ነገረው? ይህን ሁሉ ከውጭ የመጣው ጥራዝ አያውቀውም።

ፊደላችን ሰበብ ሊሆን አይችልም። ቀድሞ በአንዱ የግዕዝ ፕሮግራም የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ግን ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ ገብቶ የራሱ ቦታ ተሰጠው። የጎደለው ጽሑፉ ነው። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረውን የ8028 የስልክ መስመር ብንመለከት፣ ገበሬው ደውሎ የእርሻ ምክር በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ እንዲሰማ ተደርጎበታል። ያ ምክር በድምፅ ከመቀዳቱ በፊት ገበሬው በሚገባው አነጋገር መዘጋጀት ነበረበት። ሩዙም ቢሆን በ1970ዎቹ ወደ ሜዳችን ሲገባ ዘሩ ብቻውን አልበቃም፤ አዘራሩን፣ አረሙን፣ አፈታተጉን ማወቅ የግድ ነበረ። ዛሬ እናቶቻችን ከጤፍ ጋር እየቀላቀሉ እንጀራ ያደርጉታል።

«ይህን ሁሉ ማሽኑ ራሱ ይጽፈው የለምን?» የሚሉን አሉ። የሚሉት ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 የተመሠረተው የአሜሪካ የቴክኒክ ጸሐፊዎች ማኅበር በ2025 ከስሮ ተዘግቷል። በእንግሊዝኛ ለሚጽፈው ሰው ዘመኑ ከብዷል፤ ይህን ደብቀን ማንንም ልናማልል አንፈልግም። ነገር ግን ማሽኑ ረቂቁን ቢያወጣም፣ ሁለቱ «ሰርዞች» የአንድ ጎጥ ማዳበሪያ እንዳስቀሩ የሚያውቀው ከጋሸ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ነው።

ደመወዙን ማን ይክፈል ለሚለው ጥያቄ መልሳችን ግልጽ ነው፤ ፕሮግራሙን የሚገዛው መሥሪያ ቤት ይክፈል። በውሉ ላይ የአማርኛ መመሪያና የማረሚያው ገንዘብ ካልተጻፈ ዕቃው ግማሽ ነው፤ ግማሽ ዕቃ ደግሞ በሙሉ ዋጋ አይገዛም። ከዩኒቨርስቲያችንም የምንጠይቀው አለን። የቋንቋና የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍሎች ተማሪዎቻቸውን ሁለት ሁለት አድርገው ያገናኙ፤ የመመረቂያው ጽሑፍም መደርደሪያ ከሚያሞቅ አንድ እውነተኛ መመሪያ ይሁን። እስከዚያው እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ አይገባንም። አገራችን ለጤና መረጃ የምትጠቀምበት፣ የኦስሎ ዩኒቨርስቲ የሚመራው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ፕሮግራም ሰነዱ ለሁሉ የተከፈተ ነው፤ ልምድ የሚፈልግ ከዚያ ሊጀምር ይችላል።

እኛም ጋሸን አስፈቅደን የደብተሯን ፎቶ ኮፒ ይዘን መጥተናል። ሦስት ሆነን በንጹሕ መገልበጥ ጀምረናል፤ ከኮምፒዩተር ክፍል አንድ ሰው ቸግሮናል። የላይኛዋን «አጥፋ»፣ የታችኛዋን «ይቅር» እንበላቸው ብለን ነበር፤ ጋሸ ግን በስልክ ብንጠይቃቸው፣ «ይቅርስ ይቅርታ መጠየቂያ ይመስላል፤ ሌላ ፈልጉ» አሉን። የተሻለ ቃል ያለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ኅብረቱ ቢሮ ብቅ ይበል።