ጥርስ ስለሚሞላበት ነገር

«ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ይባላል። እህሉን አበጥሮ፥ ውኃውን አጥርቶ ወደ አፉ የሚያገባ ሰው፥ ሐኪም በተቦረቦረ ጥርሱ ውስጥ የሚደፍንለት ነገር ምን እንደ ሆነ ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠይቅ ይነሣል። መሙያውም በአፉ ውስጥ ብዙ ዓመት አብሮት ይኖራል።

አንዲት የምናውቃቸው እመቤት ነፍሰ ጡር ሳሉ፥ በጥርሳቸው ያለው መሙያ ባዜቃ (ሜርኩሪ) እንዳለበት ሰሙ። ባዜቃ መርዝ ነውና ልጄን ይጎዳብኛል ብለው ደነገጡ፤ ከሐኪም ዘንድ ሄደውም አራቱንም መሙያ ዛሬውኑ አውጡልኝ አሉ። ሐኪሙ ከመረመረ በኋላ፥ «እመቤቴ፥ መሙያው ሳይሰነጠቅ ደኅና ተቀምጧል፤ ዛሬ ብቦረቡረው በሚነሣው እንፋሎት እሰጋለሁ፤ ይቆይ» ሲል መለሰላቸው፤ እርሳቸውም ተዉት። የእመቤቲቱ ፍርሃት ከንቱ አልነበረም፤ የሐኪሙም ምክር ትክክል ነበር። ሁለቱ አብረው እንዴት እውነት እንደሚሆኑ እንግለጽ።

ያ ብር የሚመስለው መሙያ አማልጋም ይባላል። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ባዜቃ ነው፤ የቀረው የብር፥ የቆርቆሮና የመዳብ ዱቄት ነው። ሲቀላቀሉ እንደ ሊጥ ይለሰልሳሉ፥ ከጥርሱ ቀዳዳ ገብተውም ይጠነክራሉ። ባዜቃው ከብረቶቹ ጋራ ተሳስሮ ቢኖርም፥ ሲታኘክበትና ጥርስ ሲፋጭ እጅግ ጥቂት እንፋሎት ይወጣዋል። እንፋሎቱ የሚበዛው ሲሞላና ተቦርቡሮ ሲወጣ ነው፤ ሲወጣ ደግሞ ከጤናማው ጥርስ አብሮ ይጎድላል።

ክርክሩ የቆየ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1840 የተቋቋመው የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር አባሎቹን በአማልጋም እንዳይሠሩ ቃል እስከ ማስገባት ደረሰ፤ በዚህም ጠብ ተዳክሞ በ1856 ፈረሰ። በ2006 የታተሙ ሁለት ምርመራዎች ደግሞ፥ አንዱ በአሜሪካ 534፥ ሁለተኛው በሊዝበን 507 ልጆችን ለብዙ ዓመታት ተከታትለው፥ በአማልጋም የተሞላላቸው በአእምሮ ከሌሎቹ አንሰው አላገኟቸውም።

እንዲህም ሆኖ ጥንቃቄው ጸንቷል። የአውሮፓ ኅብረት በ2018 ከ15 ዓመት በታች ላሉ ልጆች፥ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች፥ በ2025 ደግሞ ለሁሉም፥ ሐኪም ግድ ነው ካላለ በቀር፥ በአማልጋም መሙላትን ከለከለ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም በ2020 ነፍሰ ጡሮች፥ ሕፃናትና ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ከአዲስ አማልጋም እንዲርቁ መከረ፤ ደኅና የተቀመጠውን አሮጌ ግን ያለ ምክንያት አታስወጡ አለ። ለመከልከሉ ሌላው ምክንያት ከሐኪም ቤት የሚፈሰው ባዜቃ ወንዝንና ዓሣን መበከሉ ነው፤ በ2013 የተፈረመው የባዜቃ ውልም ስሙን ያገኘው፥ ሰዎች የተመረዘ ዓሣ በልተው ካለቁባት ከጃፓን ከተማ ከሚናማታ ነው።

አማልጋምን የተካው ነጭ መሙያ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት ግን አይደለም። ኮምፖዚት የሚባለው በብርሃን በደንብ ካልደረቀ ያልጠነከረ ቅመም ይቀርበታል፤ አንዳንድ ሰውም ለቅመሙ አለርጂ አለው። ኒኬል ያለበት የጥርስ ክዳን ደግሞ ኒኬል የማይስማማውን ሰው ድዱን ያስቆጣዋል።

ስለዚህ ውል ሳይነበብ እንደማይፈረም፥ አፋችንን ከመክፈታችን አስቀድመን ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፥ የሚሞላው ምንድን ነው? ሁለተኛ፥ ከዕድሜዬና ከጤናዬ ጋራ ይስማማልን? ሦስተኛ፥ አሮጌው የሚወጣው ስለ ተሰነጠቀ ነውን ወይስ ስለ ተፈራ? ነፍሰ ጡርነትንና የሚያስቆጣንን ብረት ከሐኪም መደበቅም አይገባም።

ለልጆቻችን ግን ከመሙያ ሁሉ የሚሻለው የራሳቸው ጥርስ ነው። ጣፋጩን ቀንሶ፥ ፍሎራይድ ባለበት ሳሙና ጧትና ማታ ጥርሳቸውን የሚያስቦርሽ ወላጅ፥ ይህ ሁሉ ጥያቄ ከቤቱ ይርቅለታል።