«ተኝቷል» አልኳት

አባታችን ከተቀበረ በሦስተኛው ሳምንት እህቴ ከቤሩት ደወለች። «አባባስ?» «ተኝቷል» አልኳት፤ ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። መርዶ በስልክ አይነገርም ብለን ነዋ!

ውሸታምን ከዓይኑ አውቀዋለሁ የምንል ብዙ ነን። በ2006 (እ.ኤ.አ.) በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ትንተና ግን፣ ሰው እውነትና ውሸትን በትክክል የሚለየው ከመቶ 54 ጊዜ ያህል ብቻ ነው ይላል፤ በግምት ከመናገር ብዙም አይሻልም። ማሽኑም ቢሆን ይሸወዳል፤ ለሶቪየት ይሰልል የነበረው የሲአይኤ ባልደረባ አልድሪች ኤምስ በ1986 እና በ1991 ተመርምሮ አልፏል።

እኛ ቤት ደግሞ ሰሚውም ማመን ይፈልግ ነበር። በዚያው ስልክ «እኔም ደህና ነኝ፣ አሠሪዎቼ ጥሩ ናቸው» አለችኝ። አመንኳት። ያኔ ደመወዝ ካየች ስድስት ወር አልፏት እንደነበር የሰማሁት አገር ቤት ገብታ፣ መርዶዋን በነገርናት ማግስት ነው።